ብድግ ተደርጎ የተመረጠው ባትሪ

መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ከጻፍኩት ፈተና ጋር ስለሚጠፋ፣ ከትምህርት ቤታችን አዛውንት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ጋር ከደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ መጠባበቂያ ባትሪ ልንገዛ ሄድን። እኔ መመዘኛዎቹን በተራ ቁጥር ጽፌ ይዣለሁ። እሳቸው ግን ባትሪዎቹን እንደ ገበያ በግ ብድግ እያደረጉ፣ "ይሄ ከሲታ ነው፤ ይሄኛው ሥጋ አለው" አሉ። በሱቁ ኮምፒውተር ሲሞከር እውነትም ከባዱ አሥር ደቂቃ አቆየው፤ ገዛነው።

በማግስቱ የቀጣዩን ቀን ፈተና ተይቤ እንደጨረስኩ መብራት ሄደ። ኮምፒውተሩ ግን እንደበራ ነው! ደስ ብሎኝ መምህራኑን ሁሉ ጠራሁና፣ አሥሩ ደቂቃ የሚሰጠው ጽሑፍን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት መሆኑን ከነምክንያቱ ማስረዳት ጀመርኩ። ባትሪው ጢጥ ጢጥ ይላል።

"መምህር፣ በጉ እየጮኸ ነው እኮ" አሉ አዛውንቱ።

"እሱንም አስረዳለሁ ጋሼ፤ አራተኛው ነጥቤ ነው።"

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ።

"ፈተናውን አስቀምጠኸዋል አይደል?"

የጠቆረውን ስክሪን በጣቴ ነካ ነካ አደረግሁ።

"እኔን ነው መምታት! በጉን መረጥኩ፤ እረኛውን ሳላይ።"

መምህራኑ እየሳቁ ወጡ። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ የጠፋውን ፈተና በእጄ ልጽፍ "ተራ ቁጥር አንድ" ብዬ ጀመርኩ።