የግራዋ ማር ዳቦ

ትናንት ሆስፒታል ቁስል የምታጥበው ነርስ፣ እኛ ሲስተር የምንላት፣ የአባዬን እግር ከፋሻው ፈትታ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ፣ በጣቷ ዙሪያውን ጫን ጫን እያደረገች ካየችው በኋላ «ተዘግቷል» አለች። ለአባዬ የቀረችው ይህቺ አንድ እግር ናት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ እሷም ትሄዳለች ወይስ ትተርፋለች እያልን ስንተኛና ስንነሳ ከርመን ነበርና እማዬ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። እኔ ደግሞ በባጃጅ ወደ ቤት ስንመለስ ሳቄ አልቆም ብሎኝ፣ ሾፌሩ በስፖኪዮ እያየኝ «እህቴ፣ ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?» አለኝ። «እግር ነው የደረሰን» አልኩት፤ ምን እንዳልኩ ሳይገባው እሱም ሳቀ።

ቤት እንደገባን እማዬ ነጠላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ከጓሮ የኮባ ቅጠል ቆርጣ እሳት ላይ ማለብለብ ጀመረች። ኮባ እሳት ሲነካው የሚያወጣው ያ እርጥብ ሽታ ከነጭሱ ሲመጣብኝ ሳቄ ባለበት ቆመ። የልጅነቴ በዓላት ሁሉ በዚያ ሽታ ነው የሚጀምሩት፤ የቤታችን ክፉ ዘመንም የጀመረው በዚያው ሽታ ነው። ስለ ክፉው ለሰው አውርቼ አላውቅም። ቁስሉ ስለተዘጋ ዛሬ ልጽፈው።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። በወጣትነቱ ከወሎ መጥቶ ሚዛን ከተማ ገበያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ፣ ከአጎራባቿ ሸዋ ቤንች ወረዳ እማዬን አግብቶ፣ እዚሁ ቀረ። ቡና ተለቅሞ ሰው እጅ ላይ ብር ሲገባ የአባዬ የስፌት መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ትንጫጫ ነበር፤ ባለአገሩ ለገና የሚሆን ሱሪና ቀሚስ ሊያሰፋ ይሰለፍ ነበርና። የዚያን ሰሞን እማዬ ከእናቷ የወረሰችውን ዳቦ ትጋግራለች። የስንዴ ዱቄት በወተትና በእንቁላል አሽታ፣ ቅቤ አጠጥታ፣ ስኳር ጨምራ፣ የተወቀጠ ኮረሪማ ነስንሳ፣ በኮባ ጠቅልላ ከላይና ከታች ፍም ታደርግበታለች፤ ሲበስልም ትኩሱን በቢላ ወጋ ወጋ አድርጋ ነጭ ማር ታፈስበት ነበር። አባዬ ከሱቅ ሲመለስ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ጫፉን ይቆርስና «የኬክ ቤቱ ኬክ ላዩ አረፋ፣ ውስጡ አየር ነው፤ ኬክ ማለት ይሄ ነው» ይል ነበር። ስለዚህ እኛ ቤት ዳቦው ኬክ ነው የሚባለው።

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ዝናቡ አላቋርጥ ባለበት ክረምት፣ አባዬ ውሃ አልጠግብ አለ። ማሰሮውን ጨርሶ ደግሞ ይጠይቃል፤ ወደ ጓሮ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። የሰው ልብስ ትቶ የራሱን ሱሪ ወገብ ሲያጠብብ አየው ነበር፤ አጥብቦት ሳይቆይ መልሶ ያጠብበዋል። እማዬ እያለቀሰች ሆስፒታል ወሰደችው። የስኳር በሽታ ነው ተባለ፣ ኪኒን ተሰጠው፣ ስኳር አቁም ተባለ። እማዬ ያን ዕለት የስኳሩን ጣሳ ከነክዳኑ ለጎረቤት ሰጥታ መጣች። ለገናም ዳቦውን ያለ ስኳር ጋገረች፤ እንዳይጎመዝዝበት ብላ ግን ማሩን ጨመር አደረገች።

አጎቴ ዘውዴ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጫካ ውስጥ ትልልቅ ዛፍ ላይ ቀፎ ይሰቅላል። ያን ገና ከሸዋ ቤንች መጥቶ ዳቦውን ሲቀምስ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እቴ፣ ይሄ አይሆንም። ነጭ ማር ይጣፍጣል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ጨው ላብላው?»

«የግራዋ ማር አመጣልሻለሁ። መራራ ነው። ከመራራ ነገር ውስጥ ስኳር ከየት ይመጣል?»

አባዬ ሳቀበት። «አንተ እኮ ሐኪም ሆነህ አረፍክ።»

«ሐኪሙ ዛፍ ላይ አልወጣም፣ ጋሼ። እኔ ወጥቻለሁ።»

ግራዋ አብቦ ከረገፈ በኋላ ቃሉን ጠብቆ መጣ። ንብ ነድፎት አንድ ዓይኑ ተደፍኖ፣ ከንፈሩ አብጦ፣ ጥቁሩን ማር በቅል ሞልቶ አቅፎ። በጣቱ አቀመሰኝ። «ይጣፍጣል» አልኩ። «ቆይ፣ ይመርሻል» አለኝ። እውነትም ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮዬ ላይ መረረኝ፤ ሁላችንም በጣም ደስ አለን።

ከዚያ በኋላ ዳቦው የበዓል መሆኑ ቀርቶ የየቀን ሆነ። እማዬ ቅቤውንና እንቁላሉን ትታ፣ በግራዋ ማር ብቻ አሽታ፣ ጠዋት ጠዋት ለአባዬ ትቆርስለት ነበር። «የመድኃኒት ዳቦ» አለችው። ጎረቤቶች ሰምተው መጡ፤ በየቤታቸው ስኳር ያለበት ሰው ነበራቸውና እማዬ አሠራሩን አስተማረቻቸው፣ አጎቴም ማሩን አዳረሳቸው። አባዬ ጥሩ ተኝቶ ያደረ ቀን «ማሩ ነው» ይል ነበር፤ የደከመው ቀን ደግሞ «ዛሬ ትንሽ ነው የበላሁት» ብሎ ይጨምር ነበር። ቀስ በቀስ የሆስፒታል ቀጠሮውን ችላ አለው። የስፌት መኪናውን በባዶ እግሩ ነበር የሚረግጣት፤ ጫማ አድርጎ ሲረግጣት ልቧ አይገኝም ይል ነበር። ከጊዜ በኋላ እግሬ ደነዘዘ ማለት ጀመረ፤ እኛ ሥራ ነው አልን።

አባዬ ከሥራ ሲገባ እግሩን የማጥበው እኔ ነበርኩ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ የሰኔ አመሻሽ፣ ለብ ባለው ውሃ ተረከዙን ይዤ ውስጥ እግሩን ስዳብስ ጣቴን አንድ ነገር ቧጨረኝ። ገልብጬ አየሁት። ስፒል ነው፤ እስከ ራሱ ገብቶ ከላዩ ትንሿ ክብ ብቻ ቀርታለች፣ ዙሪያው ጠቁሯል።

«ምን አየሽ ሚጡ?» አለኝ ጋዜጣውን እንደያዘ።

«አባዬ፣ አያምህም?»

«ምኑ?»

በጥፍሬ ይዤ ሳወጣው ወደ ታች እንኳ አላየም፤ ጋዜጣውን ነበር የሚያነበው። ውሃው ቀላ። ያን ጊዜ ነው ጎንበስ ብሎ ያየውና ጋዜጣውን ያጠፈው።

በዚያ ክረምት ቁስሉ ሰፋ። መጀመሪያ በቤት መድኃኒት፣ ኋላ በጤና ጣቢያ ፋሻ፣ በመጨረሻ ሆስፒታል አስተኙት። በሚዛንና በአማን መሐል፣ ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ሆኖ፣ እማዬ በየጠዋቱ ዳቦዋን በጨርቅ ጠቅልላ፣ በፌስታል ሸፍና ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ሲስተር «ምንድን ነው የሚበላው? ስኳሩ አልወርድ አለ» ብላ ጠየቀቻት።

«እኛ ቤት ስኳር ከገባ ዓመታት ሆነው» አለች እማዬ ኮራ ብላ። «ይኸውልሽ፣ የመድኃኒት ዳቦ ነው። ቅመሺው።»

ሲስተር ቆረስ አድርጋ አላመጠች፤ ማላመጧን ቀስ አደረገች። «ማር አለው?»

«የግራዋ ነው። መራራው።»

«መራራም ቢሆን ማር ነው፣ እናቴ። ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው የሚሆነው።»

ይህን ያለችው በለሆሳስ ነው፤ ብትቆጣ ይሻለን ነበር። እማዬ ዳቦውን መልሳ በጨርቁ ጠቀለለችው። አልጣለችውም፣ አላስቀመጠችውም፤ እስኪመሽ ድረስ ጭኗ ላይ እንደያዘችው ተቀመጠች። አባዬ ከአልጋው ሆኖ «አስቱ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ? እኔስ ምን አውቃለሁ?» አላት።

ነሐሴ ላይ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። የተቆረጠውን በጨርቅ ጠቅልለው ለቤተሰብ ነው የሚሰጡት፤ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አጎቴ ዘውዴ ተቀበለና ልክ ሕፃን እንደሚታቀፍ አቅፎት በዝናብ ወጣ። የት እንደቀበረው እስከ ዛሬ አልነገረንም። ከዚያ ቀን በኋላ ደጃችንን አልረገጠም።

መስከረም ጠባ፤ እኛ ቤት ግን አዲስ ዓመት አልነበረም። እማዬ በየጎረቤቱ እየዞረች፣ ያስተማረቻቸውን ሴቶች አንድ በአንድ «ያን ዳቦ ተዉት፤ እኔ አሳሳትኳችሁ» ስትል ዋለች። አንዷ ባሏ ዓይኑ ሊጠፋ ደርሶ ነበርና በሩን ዘጋችባት። ከዚያ ወዲያ እማዬ ሊጥ አልነካችም። ገና መጣ፣ ፋሲካ መጣ፣ ከዳቦ ቤት በገዛነው ዳቦ አሳለፍነው፤ አባዬም ሳይቀምሰው «ይበቃኛል» ይል ነበር። የስፌት መኪናዋ አንሶላ ለብሳ ግድግዳ ሥር ቆመች። ቡና በየደጁ ሲሰጣ፣ ሰዎች ጨርቅ ይዘው መጥተው በሩ ተዘግቶ ሲያዩ ወደ ሌላ ሰፊ ይሄዱ ነበር። አባዬ ድምፃቸውን እየሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ባለፈው ክረምት ደግሞ የቀረችውን እግሩን ጫማው ላጣት። ቁስሏ ትንሽ ነበረች፣ ቶሎ አየናት፣ ቶሎ ሄድን፤ ግን አልድን አለች። የስኳር መርፌ ጀምሮ ነበርና ሲስተር በሰዓቱ ካልበላ አደጋ አለው ብትልም አባዬ ምግብ እየገፋ «ያቺም ትሂድና ይለይልኝ» ማለት አመጣ። ሲስተር ለእማዬ ካልተነፋ ዱቄት፣ ማርም ስኳርም የሌለበት፣ ትንሽ ትንሽ ቁራጭ ብትጋግሪለት አለቻት። እማዬ ግን «እኔ ሁለተኛ ለዚህ ሰው ዳቦ አልጋግርም» አለች።

ስለዚህ እኔ ጋገርኩ። ገብስና ስንዴ ሳልነፋ ቀላቅዬ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ፣ ለውዝ ወቅጬ ጨምሬ፣ በኮባ ጠቅልዬ ፍም ውስጥ ቀበርኩት። ሲወጣ ቢላ አልገባው አለ። አባዬ በእጁ መዘነው፣ አልጋው ብረት ላይ ኳ ኳ አደረገውና «ሚጡ፣ ይሄን ጎረቤት ቤት ለሚሠሩት ግንበኞች ውሰጂላቸው፤ ድንጋይ አለቀብን ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ። በዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው። እማዬ ከማድቤት ሆና ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረ። ከዚያ ዓይኗን በመቀነቷ ጠርጋ መጣችና በክርኗ ገፋችኝ፤ «ውሃ አሳንሰሽ ነው። እርሾውም አላደረም። ወደዚያ በይ።»

ከዚያ በኋላ ሞከርን። አንዱ ኮመጠጠ፣ አንዱ ፈረሰ፣ የበሰለ ሙዝ ብንጨምር ሲስተር እሱንም ቀንሱ አለችን። እርሾው ሁለት ሌሊት ሲያድር ለሰለሰ። ግን ሽታ አልነበረውም፤ የገበያው ኮረሪማ የከረመ ነበር። አባዬ አንዲት ቁራጭ በልቶ «ደግ ነው፤ ግን የማንም አይደለም» አለ።

ለመስቀል አጎቴ ዘውዴ በራችን ላይ ቆመ። ሰው ዘመዱ ቤት ባዶ እጁን አይመጣም፤ እሱ ሁለቱንም እጁን ወደ ታች ለቆ፣ ለማሳየት ያህል ጣቶቹን ዘርግቶ ነበር። ከስቷል።  አባዬ ከወንበሩ ሆኖ «ምን ትገተራለህ? እኔ ነኝ እንጂ እግር ያጣሁት» አለው። አጎቴ ገብቶ የአባዬን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አባዬ አንገቱን ይዞ አስቀረው። «ስማ ዘውዴ» አለው፣ «ጫካ ውስጥ ኮረሪማ የለም?»

«ሞልቷል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

በማግስቱ ከነቀይ ቅርፊቱ ይዞ መጣ፤ እማዬ እያለቀሰች ወቀጠችው።

ዳቦው አባዬን አላዳነውም፤ ያዳነው መርፌውና የሲስተር እጅ ነው። ይህን አጥብቄ የምጽፈው አንድ ጊዜ ዳቦ ያድናል ብለን ስላመንን ነው። ዳቦው ያደረገው አባዬን ወደ ማዕዱ መመለስ ብቻ ነው፤ በሰዓቱ መብላት ጀመረ፣ መርፌውን አልዘልም አለ፣ ቁስሉም ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ መጣ። ግራ እግሩ ግን አትመለስም። አንዳንድ ጠዋት ተኝቶ ሳለ የሌለውን እግሩን ሊያክ እጁን ሲልክ አየዋለሁ።

ያን ጊዜ ሰው ቤታችን ሲገባ እማዬ ከማጉረሷ በፊት ምን እንዳለበት የሚጠይቃት አልነበረም፤ መውደዷ ብቻ በቂ ነበር። አሁን ገና ሳትቆርስ ትናገራለች፤ ይህን ያህል ዱቄት፣ ይህን ያህል ዘይት፣ ማር የለም። ለእንግዳው ያስገርመው ይሆናል። ያኔም ትወደን ነበር፣ አሁንም ትወደናለች፤ አሁን ግን ከማብላቷ በፊት ትጠይቃለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓሯችን ውስጥ ትጋግራለች። በሯን የዘጋችባት ጎረቤታችን እንኳ ባሏን እየመራች ባለፈው ሳምንት መጥታ ነበር። እማዬ ይህን ስጽፍ አይታ እናንተንም ጥሪልኝ አለችኝ። የልብስ ሰፊው የጋሽ ተካ ቤት ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም ያሳያችኋል። የቤታችሁን ዳቦ አሠራር፣ እናቶቻችሁ ያወረሷችሁን፣ ይዛችሁ ኑ፤ ምን መቀነስ እንዳለበት አብረን እናያለን። ሕመምተኛውንም አምጡት። ዳቦው እስኪበስል ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል፣ እናንተም እግሩን እያጠባችሁ ውስጥ እግሩን፣ በጣቶቹም መሐል ታዩለታላችሁ። ውሃው ከእኛ ነው።