«ጥርት ብሏል» አልኩት

ይህ የሆነው ካቻምና ኅዳር፣ ሊሙ ገነት ውስጥ፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ነው። የማልረሳው እህቴ ስለሞተች ብቻ አይደለም።

ታናሽ እህቴ ዘይነባ ምጧ ጠንቶ ጠዋት ላይ ደም ይፈስሳት ጀመር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «አሁኑኑ ጅማ ውሰዷት» አለችን። የጎረቤታችን የሐጂ ከድር ፒካፕ በራችን ላይ ቆማለች። መንገዱ ግን ጤነኛውንም ሰው ያሳምማል። ሁለት ሰዓት ገደማ ጅማ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። ለሥራ የመጣች ትንሽ አውሮፕላን ለምኖ አግኝቷል፤ የቡና እርሻው ሜዳ ላይ ታርፋለች።

አብራሪው ራሱ አናገረኝ።

«እኔ በዓይኔ እያየሁ ነው የማበርረው። ከደመና ራቅ ማለት አለብኝ፣ መጠጋት አይፈቀድልኝም። ሰማዩ እንዴት ነው? እውነቱን ንገረኝ።»

ፊት ለፊቴ ያለው ኮረብታ ጭራሽ አይታይም። ግን እኔ ቡና አስጪ ነኝ። የኅዳር ጭጋግ አራት ሰዓት ሲል ይነሳል፤ እሱን ተማምነን ነው በየቀኑ ከቡናው ላይ ላስቲክ የምንገልጠው። አብራሪው ተዘጋጅቶ እስኪደርስ አራት ይሆናል አልኩና፣ «ጥርት ብሏል ካፒቴን» አልኩት።

ሐጂ ከድርንም «አብሽር፣ እርስዎ ይሂዱ፤ አውሮፕላን መጥቶልናል» አልኳቸው። ቡናቸውን ጭነው ወደ አጋሮ ሄዱ።

አራት ሰዓት ላይ ዘይነባን በቃሬዛ ይዘን ሜዳው ላይ ቆመናል። የሞተሩ ድምፅ መጣ። ሁለቴ ከላያችን ዞረ፤ ከጭጋጉ በቀር የሚታየን ነገር የለም። ከዚያ ድምፁ እየራቀ ሄደ።

«ሄደ እንዴ?» አለችኝ እጄን ይዛ።

«ይመለሳል» አልኳት። ለሁለተኛ ጊዜ ዋሸሁ።

ጭጋጉ አራት ተኩል ላይ ተነሳ፤ አውሮፕላኗ ግን አልተመለሰችም። በፒካፑ ሄደን ቢሆን ኖሮ ያን ሰዓት ጅማ ነበርን። ሌላ መኪና ያገኘነው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ዘይነባ መንገድ ላይ ሞተች፤ ልጇም አልተረፈም።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ላይ እንዳለሁ አብራሪው ደወለ።

«እህትህ እንዴት ሆነች? ደመናው ኮረብታው ላይ ተኝቶ ነበር፣ ብገባ…»

አላስጨረስኩትም። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ «አንተ ነህ የገደልካት፣ ፈሪ!» አልኩት።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለ። የዋሸሁትን አላነሳብኝም። እኔ ጥፋተኛው «አላህ ይቅር ይበልህ» ብዬ ዘጋሁበት።

እናቴ እስከ ዛሬ ጭጋግ ባየች ቁጥር አብራሪውን ትረግመዋለች። እኔም ላስቲኩን እየገለጥኩ «አሚን» እላለሁ። ወላሂ፣ በራሴ አፍራለሁ፤ ግን እላለሁ።

እዚህ ያሉትን ስሞች ሁሉ ቀይሬያለሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የሚያነብላት ግን አይጠፋም።