ሰማያዊውን ያስቀደምኩበት ቀን

ቆቦ የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ወለሉ ላይ የማሽላ ፍሬ ተበትኖ ቀርቷል፤ የነቀዝ መድኃኒቱ ሽታ ከሙቀቱ ጋር ጉሮሮ ይይዛል። እኛን ሴቶቹን ከወንዶቹ የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው ወዲያ አብረውኝ የተያዙት የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የተመደብኩት ግብርና ቢሮ ነበር። አንበጣ ላይ መድኃኒት የምትረጨው ትንሽ አውሮፕላን ሜዳው ላይ ስታርፍ በርሜሎቹን እመዘግባለሁ። አንድ ቀን መካኒኩ የአብራሪው ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ሦስት እጀታዎች አሳዩኝ። ጥቁሩ የሞተሩን ኃይል፣ ሰማያዊው አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረውን ፕሮፔለር ዙር ይቆጣጠራል። ቀዩ ነዳጁን ይመጥናል፤ እስከ መጨረሻው ከተሳበ ሞተሩ ይጠፋል።

«ኃይል ስትቀንሺ ጥቁሩ ይቀድማል፣ ከዚያ ሰማያዊው። ቀዩን አየር ላይ እንዳትነኪው» አሉኝ።

ሰው አይቶን ኖሯል። በሳምንቱ፣ አውሮፕላን ይዛ እንድትኮበልል አስተምሯታል ተባለና ሁለታችንም ተያዝን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ጠመኔ ሰጠኝ።

«ነይ እስኪ አብራሪዋ፣ ያስተማረሽን ሳዪልን።»

መካኒኩን አምጥተው ጥግ ላይ አቁመዋቸዋል። አንድ ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል። በትክክል ከሳልኩ ማስተማራቸው ሊረጋገጥ ነው።

ሦስቱን እጀታዎች ግድግዳው ላይ ሳልኩ። ኃይል ሲቀነስ ሰማያዊው ይቀድማል አልኩ። ቀዩ ለፍጥነት ነው አልኩ። ድምፄ ለራሴም አይሰማም ነበር፤ ሁለቴ አስደገመኝ።

መካኒኩ ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት።

«እኔ ያስተማርኩት ሰው እንዲህ አይሳሳትም» አሉ። «ይቺ እንኳን አውሮፕላን የወፍጮ ሞተርም አታስነሳ።»

ወታደሮቹ ሳቁ። ወደየክፍላችን መለሱን።

ቀትር ላይ፣ ጠባቂዎቹ ምሳ ሲበሉ፣ ቆርቆሮው በጥፍር ተቧጠጠ።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «ጥቁሩ ነው የሚቀድመው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ቀዩስ?»

«አየር ላይ አይነካም።»

«አላህ ይጠብቅሽ።»

በማግስቱ ጠዋት ስማቸው ተጠራ። የጫማቸውን ክር እስኪያስሩ እንዲታገሷቸው ጠየቁ። ሁለቱንም አጥብቀው አስረው ወጡ። አልተመለሱም። እኔን ምንም የማታውቅ ናት ብለው በሳምንቱ ለቀቁኝ።

ዛሬ ያ ሜዳ ማሽላ ተዘርቶበታል። ወደ ሮቢት በአውቶቡስ ሳልፍ እጄ ጭኔ ላይ እንዳለ ጥቁሩን ይስባል፣ ከዚያ ሰማያዊውን። ቀዩ ጋ ሲደርስ ጣቶቼን እሰበስባለሁ።