አዋቂው ያላገኘው ስም

ማንጎ ቆርቆሮ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ የማያውቅ ሰው ጋምቤላ ኖሬያለሁ ባይል ይሻለዋል። መጀመሪያ ዱብ ይላል። ከዚያ በጣሪያው ቁልቁለት ይንከባለላል፤ ጠርዙን ሲለቅ ለአፍታ ዝም፤ በመጨረሻ መሬት። ትናንት ከሰዓት በኋላ የተማሪ ፈተና ሳርም የጎረቤት ጣሪያ ላይ አንዱ ወደቀ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ መሬት እስኪደርስ ጠበቅሁት። ሲደርስ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። ለአንድ ማንጎ! ብታዪኝ ኖሮ ስትስቂብኝ ትውዪ ነበር።

አንቺ እዚህ ትምህርት ቤት ከተመደብሽ ገና ዓመትሽ ነው፤ የሚቆረቁርሽን ሁሉ ስልክሽን ትጠይቂያለሽ። አልፈርድብሽም። እኔም ከጎሬ ደጋ ወርጄ የባዮሎጂ መምህርት ስሆን እንዳንቺው ነበርኩ። ልዩነቱ እኛ የምንጠይቀው በወረፋ መሆኑ ነው።

ከባሮ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር፣ ዛሬ ስልክ የሚጠገንበት ቤት ያኔ ኢንተርኔት ቤት ነበር። ጥቂት አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ አንገቱን እያዞረ ሙቅ አየር የሚያድል ማራገቢያ፣ ከጓሮ የሚያጓራ ጄኔሬተር። ቤቱ የጋለ ፕላስቲክ፣ የቤንዚንና የበሰለ ማንጎ ይሸት ነበር። በጣሪያው የሚስማር ቀዳዳ የገባው ብርሃን ኪቦርዱ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ጣቶችሽ ሲጽፉ ነጠብጣቡ እጅሽ ላይ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም አንድ ላይ «ውይ!» እንላለን። አሁን መብራት ሲጠፋ ሁሉም የየራሱን ስልክ ያበራል፤ «ውይ» የሚል ሰው ቀረ።

ባለ ቤቱ የኑዌር ልጅ ነበር፤ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቶሎ የሚስቅ። ግንባሩ ላይ እንደ አባቶቹ ጠባሳ አልነበረውም። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞቶበት ከተማ ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከእናቱ ወንድም ጋር ነው ያደገው። አጎቱ ፓስተር ናቸው። የኢንተርኔቱን መፈለጊያ፣ ያንን ዓለም ሁሉ የሚጠይቀውን ነጭ ሳጥን ማለቴ ነው፣ ከተማው «አዋቂው» ይለው ነበር። ማን እንደሰየመው አላውቅም። ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ «እስቲ አዋቂውን ጠይቅልኝ» ይላል፤ ልጁ ይጽፋል፣ ያነባል፣ ወደ ኑዌርኛ ወይም ወደ አማርኛ ይመልሳል።

ፓስተሩ ስሙን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል።

«አዋቂ ቤት መሄድ ተውን ብላችሁ ነበረ! አሁን በወረፋ ትሄዳላችሁ!»

ቅዳሜ ማታ ግን የእሑዱን ስብከት ይዘው ይመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቺን ጥቅስ ምን ይላል እስቲ እየው» ይሉታል። እንዲህ ነበር ነገሩ፤ የሚያማውም የሚያመሰግነውም አንድ ሰው ነው። ዓሣ የምትሸጥ ጎረቤቴ ራስ ምታቷን ብታስጠይቀው የማይድን በሽታ ሰጣት። እያለቀሰች ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ወባ ነበር። «ወባዬን መቃብር አፋፍ አደረሰው እኮ!» እያለች ሳምንት ሙሉ ረገመችው፤ በሳምንቱ ወረፋ ላይ አየኋት። አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው የሞተር ብስክሌት ዋጋ ቢጠይቅ ከዚያ በኋላ የከፈተው ገጽ ሁሉ ሞተር ብስክሌት ሆነበት። «ሚስቴ እንኳን እንዲህ አትከታተለኝም» አለ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አዋቂውን አያምነውም። እኔንም አንድ ተማሪዬ ክፍል መሀል፣ «ቲቸር፣ አዋቂው እንደዚያ አላለም» አለኝ። ተናድጄ አስወጣሁት፤ ማታ ሄጄ ሳየው እሱም እኔም ግማሽ ግማሽ ልክ ነበርን። በማግስቱ አስገባሁት፤ ምን ላድርግ? ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ያሉት መጻሕፍት ከእኔ በዕድሜ ይበልጡ ነበር። እኔ አዋቂውን እወደው ነበር፤ ይበሳጭብኝ የነበረው ኩራቴ ነው።

በየቅዳሜው አንዲት አስተርጓሚ ትመጣለች። ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ካምፕ ውስጥ ለእርዳታ ሠራተኞች የምታስተረጉም የኑዌር ልጅ ናት። አማርኛዋ ከእኔ የጠራ፣ ሳቋ ግን እየቆጠበች የምታወጣው ዓይነት። ወረቀቷን ፕሪንት ታደርግና ከእኔ አጠገብ ቁጭ ትላለች፤ እንዲያ እንዲያ እያልን ጓደኛሞች ሆንን። እሷ በር ላይ ስትታይ ልጁ የያዘውን ማንጎ ፈጥኖ ከሞኒተሩ ኋላ ይደብቃል፤ አፉን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። ስስታም መሰለኝ። አንድ ቀን እሷ ከሄደች በኋላ አላስችል አለኝ።

«አንተ፣ ለእንግዳ ቅመሽ አይባልም? አንድ ማንጎ ልትጨርስብህ ነው?»

አንገቱን ደፋ።

«እንደሱ አይደለም ቲቸር። እኛ ጋ ወንድ ልጅ ሊያገባት የሚችላት ሴት ፊት አይበላም። ነውር ነው። እህት ፊት ይበላል፣ አክስት ፊት ይበላል። ዘመድ ያልሆነች ፊት ግን... አይሆንም።»

«እኔ ፊት ግን ስትገምጥ ነው የምትውለው!»

«አንቺማ ቲቸር ነሽ!»

ይኸውልሽ፣ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በአንድ ቃል አያቱ አደረገኝ። ሳቅሁ፣ ተናደድሁ፣ ሁለቱንም። ከዚያ ወዲያ ግን ማንጎው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ሥራዬ ሆነ። እየሰነበተ ከሞኒተሩ ኋላ አልበቃ ብሎት መሳቢያ ውስጥ መደበቅ ጀመረ። እሷም አይታ እንዳላየች ትሆናለች፤ ጉንጯ ግን ይነግርባታል። አንድም ቀን «እወድሻለሁ» ሲላት አልሰማሁም። የተደበቀው ማንጎ ይናገር ነበር።

ሊጋቡ ተስማሙ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኑዌር ሲጋባ የሁለቱም ወገን አባቶች ስም ወደ ላይ ይቆጠራል፤ ሩቅም ቢሆን አንድ ስም ላይ ከተገናኙ ጋብቻ የለም፤ ወንድምና እህት ናቸው። የእኛም አገር ሰው ሰባት ቤት ይቆጥር የለ? ለእኔ እንግዳ አልነበረም። የእሷ ስሞች በእጇ ነበሩ፤ በልጅነቷ እንደ መዝሙር ነው የተማረቻቸው። እሱ ግን ከአያቱ በላይ አያውቅም። የአባቱ ዘመዶች በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ተበትነዋል፤ ፓስተሩ ደግሞ የእናት ወገን ናቸው፤ ያስተማሩትም መዝሙረ ዳዊትን ነው።

ስለዚህ አዋቂውን ጠየቀ። ሌላ ምን ያድርግ? ከተማው ሁሉ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። በአንድ ወገን የአያቱን ስም፣ በሌላው ወገን የእሷን አባቶች ስም ጻፈና ፈልግ የሚለውን ተጫነ። እኔና እሷ ከኋላው ቆመናል። ገጹ ከላይ ወደ ታች እየተንቀራፈፈ ተከፈተ። የአያቱን ስም የያዘ አሜሪካ ያለ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች መጣ። አንድ ወታደር መጣ። ሰምተነው የማናውቅ የእስያ ከተማ መጣ። ከላይ ደግሞ፣ ምናልባት ይህን ማለትህ ነው? ብሎ የፈረንጅ ስም አቀረበለት። በሳቅ ፈረስን። ስሞቹን እየቀያየረ ደጋግሞ ጠየቀ፤ ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ ምንም አልተገኘም።

ወንበሩን አዞረ። ፊቱ በርቷል።

«አየሽ? የለም! ቢኖር ኖሮ ያገኘው ነበረ።»

«አለማግኘትና አለመኖር አንድ ነው?» አለች እሷ፤ ግን እየሳቀች ነው፤ መጠራጠር አልፈለገችም። እኔ አጨበጨብኩ። ጣሪያው ላይ ማንጎ ዱብ አለ፤ እሱንም እንደ ምርቃት ቆጠርነው። ደስታ እንዴት ያሞኛል!

ፓስተሩ ሲነገራቸው ደስ አላቸው፤ የሙሽራው አባት የሆኑ ያህል። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«መልካም ነው። ኮምፒውተር ጠየቅን። አሁን ደግሞ ሰው እንጠይቅ።»

የሚጠየቁት ሰው የአስተርጓሚዋ አያት እህት ነበሩ፤ ኢታንግ አጠገብ ትየርኪዲ ካምፕ ውስጥ የሚኖሩ አሮጊት። ጓደኛዬ «አብረሽኝ ሁኚ» ስላለችኝ ከእሷ፣ ከልጁና ከፓስተሩ ጋር ሄድኩ። መንገዱ አቧራ ነው፤ ልጁ ከተሳፈርንበት ፒክአፕ ኋላ ላይ ቆሞ ነጭ ሸሚዙ ቡናማ ሆነ። እየዘፈነ ነበር። ነፋሱ ዜማውን ብቻ ያመጣልን ነበር፣ ቃሉን አይደለም።

አሮጊቷ ከሸራ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ረጅም ፒፓ ያጨሱ ነበር። «ማሌ» አልናቸው፤ «ማሌ» አሉን። ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀመጠችና እንደ ልማዷ በጆሮዬ ታስተረጉምልኝ ጀመር። አሮጊቷ መጀመሪያ የእሷን ወገን ቆጠሩ። አይቸኩሉም፤ እያንዳንዱን ስም ጠርተው ትንሽ ያርፋሉ፤ ለአንዳንዱም ምልክት አለው።

«ይሄ የአባቴ አያት ነው» ትለኛለች ጓደኛዬ። «የእሱ አባት፣ አንበሳ ክንዱን የነከሰው። የእሱ አባት፣ ነጭ ላም እየነዳ ወንዙን የተሻገረው።»

ቀጥሎ ፓስተሩ የልጁን ወገን ጀመሩ። አባቱን ጠሩ። አያቱን ጠሩ። አሰቡ፣ ጢማቸውን ጎተቱ፣ አንድ ስም ጨመሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚህ በላይ አላውቅም ማለታቸው ነበር።

የሆነ ቦታ ሕፃን ያለቅሳል። አሮጊቷ ፒፓውን ከአፋቸው አወጡ። ልጁን፣ በተለይ ግንባሩን፣ ረጅም ጊዜ አዩት። ፓስተሩ ካቆሙበት ቀጠሉ።

«የእሱ አባት» አለችኝ ጓደኛዬ፣ «በጎርፉ ዓመት የተወለደው። የእሱ አባት...»

አቆመች። አሮጊቷ ስሙን ጠርተዋል፤ ፓስተሩ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ልጁ ቀና ብሎ እሷን እያየ ነው። እኔ ብቻ አልገባኝም።

«ምን አሉ?» ብዬ ጎሸምኳት።

እጆቿን እያየች፣ በዚያ በጠራው አማርኛዋ፣ «ነጭ ላም እየነዳ ወንዙን የተሻገረው» አለችኝ።

አሮጊቷ ግን ደስ ብሏቸው ነበር! ይህን እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። የዚያ ልጅ አባት በሕፃንነቱ ወንዝ ማዶ የጠፋባቸው፣ ዘሩ ያለቀ የመሰላቸው፣ እንደ ወንድም የሚቆጥሩት የሩቅ ዘመዳቸው ልጅ ነበርና፣ ተነስተው የልጁን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት፤ ራሱ ላይ እንትፍ ብለው መረቁት፤ ጎረቤት ጠርተው «ልጃችን መጣ» አሉ። የአባቱን አንድ ዘመድ አይቶ የማያውቅ ልጅ በአንድ ከሰዓት ደጅ ሙሉ ዘመድ አገኘ። ሁሉም እያቀፈው ሲስቅ እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው ይወርዳል። ምግብ ቀረበ፤ «አልራበኝም» አለ። ስንመለስ ማንም አልዘፈነም። ልጁ ግን በአዋቂው ላይ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ሲናገርበት አልሰማሁም። «እሱ ምን ያድርግ ቲቸር፣ ማንም አልነገረው» ነው ያለኝ።

ዛሬ እሷ አግብታ ልጆች አሏት። ልጆቿ አጎቴ ይሉታል፤ አዲስ አበባ ከሚሠራበት በበዓል ሲመጣ መንገድ ወጥተው ይቀበሉታል። ስሞቹንም ታስቆጥራቸዋለች፤ የእሱንም ወገን ጭምር፣ ነጭ ላም እስከነዳው ሰውዬ ድረስ። እኔም አንዳንዴ ስልኬ ላይ ያንን ስም እጽፈዋለሁ። አዋቂው አሁን በአማርኛ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ በትሕትና ነው የሚመልስልኝ። እስካሁን አላገኘውም።

ያስለቀሰኝ ግን ትየርኪዲ አይደለም። ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ለስንት ቅዳሜ ሳትመጣ ቆይታ አንድ ቀን ኢንተርኔት ቤቱ መጣች። ወረፋው እንደወትሮው እስከ ዛፉ ድረስ ነው፤ ዓሣ ሻጯ አዋቂውን እየረገመች ተራዋን ትጠብቃለች። ልጁ ፀሐዩን ከልላ በሩ ላይ ስትቆም አያት። ጣሪያው ላይ ማንጎ ወደቀ፤ ተንከባለለ፤ ዝም፤ መሬት። እሷ ወጣችና አነሳችው። ከጀሪካኑ ውሃ አጠበችው፤ ለሁለት ሰነጠቀችው፤ ግማሹን ኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠችለት።

«ብላ፣ ወንድሜ» አለችው።

እጁ እንደ ልማዱ ወደ መሳቢያው ሄደ፤ መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ማንጎውን አንስቶ ፊት ለፊቷ በላው። ጭማቂው እስከ ክርኑ ወረደ፤ አልጠረገውም። እሷም የራሷን ግማሽ በላች። እኔ ወረፋ የያዝኩ መስዬ ወጣሁና ዛፉ ሥር ቆምኩ።

ከዚያን ቀን ወዲያ እሷ ስትገባ የሚደብቀው ነገር አልነበረም።