አግዳሚ የሌለው ብስክሌት

መተማ ዮሐንስ ሳለሁ አህያዬ በገንዲ ሞተብኝ። ገንዲ የቆላ ዝንብ የሚያመጣው የከብት በሽታ ነው፤ ትናንት ሲያናፋ የሰማችሁት እንስሳ ጥቂት ከርሞ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል።

ዘመኑ የደርግ ነው። ያኔ እኔ ገና ጉልበቴ የጠና፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልወድ ሴት ነበርሁ። ሥራዬም መዞር ነው። ጨው፣ በርበሬ፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ መርፌና ክር አህያዬ ላይ ጭኜ እስከ ገለጉ ድረስ በየእርሻው እዞራለሁ። ሰሊጥ ሲደርስ ከጎጃሙም ከወሎውም ለአጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ ውሎው አዳሩ ከከተማ ርቆ ነው፤ እኔ ካልደረስሁለት ክብሪት የሚያቀብለው የለም። ስመለስ ደግሞ ወይካ፣ ያው የደረቀውን ባሚያ፣ ጭኜ እገባለሁ። ዓመቱን የሚያሻግረኝ ያ የአጨዳ ሰሞን ነው።

አህያው የሞተው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሆነ። ደጋ ያለው ወንድሜ ይህን ቢሰማ ሰው ላከብኝ፤ «አሁንስ በቃሽ፣ ነይና እኔ ቤት አርፈሽ ተቀመጭ» አለ። ወንድሜ ደግ ነው፣ ክፉ አላሰበም። ግን ቤቱን አውቀዋለሁ። ግድግዳ ጥግ አስቀምጠውኝ ዶሮ እሽ ስል እንድውል ነው። እኔ ደግሞ መንገድ ካላየሁ እግሬም ሆዴም ያብጣል። እንግዲህ አጨዳው ሳይጀመር አህያ ካገኘሁ አገኘሁ፤ ካላገኘሁ ጓዜን ጠቅልዬ ወደ ወንድሜ መውጣቴ ነው።

የማድርበት ቤት የአንዲት አሮጊት ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። በዚያው ሰሞን የእህል ጎጇቸው ክዳን እያፈሰሰ አስቸገረና ይታደስ ተብሎ ሳሩ ሲገፈፍ፣ ከእንጨቱ መሐል ብረት ወጣ። ጥቀርሻ የለበሰ፣ ዝገት የቀመሰው የብስክሌት ቀፎ። ጎማ የለው፣ መሪ የለው፣ ኮርቻ የለው፤ ጭቃ የሚከላከለው የኋላ ፓራፋንጎ ብቻ እንደ ሰጎን ጭራ ተንጨፍሮ ቀርቶበታል።

«እማማ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኋቸው።

«ባሌ ያመጣው ነው።»

«ከየት?»

«እኔ ምን አውቄ! አንድ ጧት ግመሉን ይዞ ወጣ፣ ማታ ይህን ተሸክሞ ገባ። ግመሉስ ብለው ተቆጣኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም፣ ሲሞትም አልነገረኝ።» ሳቅ አሉና እጃቸውን አራገፉ። «ውሰጅው ልጄ። ጣራ ሲደግፍ የኖረ ነው፣ አንችንም ይደግፍሽ ይሆናል።»

ብረቱን እንዳየሁ ያሰብሁት አንድ ሰው ነው። ገበያው ዳር ሱቅ ያለው የሰሊጥ ነጋዴ ብስክሌቱ ከጭነት መኪና ጋር ተላትሞ ቀፎው ለሁለት ተሰብሮበት ነበር። ጎማውን፣ መሪውን፣ ኮርቻውን፣ ካቴናውን አልጋ ሥር ከትቶ ቀፎ ሲያፈላልግ ከርሟል። ግቢው ውስጥ ደግሞ አንድ ጠንካራ ግራጫ አህያ ታስሯል። አህያውን ከዚያ በፊትም በዓይኔ ጠግቤዋለሁ።

ቀፎውን በራሴ ተሸክሜ ሄድሁ። ጎጃሜዋ ሚስቱ በረንዳው ላይ ሰሊጥ ታበጥራለች።

«ወንድሜ፣ ቀፎ አመጣሁልህ» አልሁት።

ተቀበለኝ፤ አዞረው፤ ገለበጠው፤ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «አግዳሚው የታለ?»

በእኛ አገር የሚታየው ብስክሌት ሁሉ ከኮርቻው እስከ መሪው ቀጥ ያለ ብረት አለው። አግዳሚ የምንለው እሱ ነው። ልጅ የሚፈናጠጥበት፣ በግ የሚጫንበት፣ ሚስት ስትታመም ተቀምጣ ሐኪም ቤት የምትሄድበት። የእኔው ቀፎ ላይ ያ ብረት የለም። ወገቡ እንደ አረጀ በቅሎ ወደ ታች ረግቧል። እኔ ስሸከመው አንድም አላስተዋልሁ።

«የእኔስ የተሰበረ ነው፤ ያንቺው አካለ ጎዶሎ!» አለኝ።

ይህን ሲል ጎረቤት ሻይ ቤት የነበረው ወንድ ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ መጣ። አንዱ «የጣሊያን ነው፤ ሲሸሽ አግዳሚውን ነቅሎ ለጠመንጃ ሠርቶበት ነው» አለ። ሌላው ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች አየና «አታዩም? ጥይት የበሳው ነው» አለ።

«ይሄን የሚያህል ጥይት ለቁንጫ ነው የሚተኩሱት?» አለች የነጋዴው ሚስት ከሰፌዷ ቀና ሳትል።

አንድ የቀበሌ ጥበቃም ነበረ፤ ጎንበስ ብሎ አየና «ኮንትሮባንድ እንዳይሆን ብቻ» አለ።

«ጓድ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ኮንትሮባንድ አይተህ ታውቃለህ?» አሉት፤ እሱም ሳቀና ሻዩን ጠጣ።

ነጋዴው ግን ከቀፎው ዓይኑን አልነቀለም። ቀፎ ቸግሮታላ! በመጨረሻ «ሸሕዲ ትራክተር ጋራዥ በያጅ አለ። አግዳሚ አስበይደሽ አምጭልኝ፤ ያን ጊዜ አህያውን እሰጥሻለሁ» አለ። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ሰፌዷን አቆመች፤ አየችውና ማበጠሯን ቀጠለች።

እኔ ደስታዬን አልቻልሁትም። በነጋታው ወደ ሸሕዲ የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርሁ። ቀፎውን አቅፌ ጆንያ ላይ ብቀመጥ ረዳቱ አየኝና «እናት ዓለም፣ አህያሽ አጥንቱ ብቻ ቀረ እንዴ?» አለ። የተሳፈረው ሁሉ ሸሕዲ እስክንገባ በእኔ አህያ ሲሳለቅ ሄደ። አንዱ ገለባ አቀረበለት፣ አንዱ ያናፋል ብሎ ጆሮውን ያዘ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

በያጁ ወሎዬ ነው፤ ፊቱ ላይ የደፋውን ጥቁር መከለያ ወደ ላይ ገፍቶ ቀፎውን ብርሃን ላይ አወጣው። አግዳሚው ነበረበት ያልነውን ቦታ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ።

«እሙዬ፣ ማነው ተቆርጧል ያለሽ?»

«ሰው ሁሉ።»

«የተቆረጠ ነገር ጉቶ አለው። እስቲ ዳብሽው። ጉቶም የለ፣ ጠባሳም የለ፣ ቀለሙ እንኳ አልተነካ። እዚህ ጋ አግዳሚ ኖሮ አያውቅም።»

«ታዲያ ጎዶሎ ሆኖ ተፈጠረ?»

«እሱን እኔም አላውቅ። በይድልኝ ካልሽ እበይዳለሁ፤ ብረቱ ያንቺው ነው። ግን አንዴ ከበየድሁት እንደነበረ አይመለስም። ገላባት ዓጀላ የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ፣ እሳቸውን ጠይቂና ነይ።» ሱዳን ዓጀላ የሚለው ብስክሌትን ነው።

እዚያ ላይ ልቤ ሁለት ሆነ። በይደው ብለው አህያው ማታውኑ የእኔ ነው። አጨዳው ደርሷል፣ ቀኑ እየሄደብኝ ነው። ግን ነጋዴ ነኝና፣ ከብት ስንለዋወጥ ወግ አለን፤ ጥርሱን ሳላይ የገዛሁት፣ ነውሩን ሳልናገር የሸጥሁት አህያ የለም። ይህን ብረት ደግሞ ነውሩን ከመልኩ እንኳ ለይቼ አላወቅሁትም። አዝኜም ተናድጄም ቀፎዬን አንስቼ ተመለስሁ።

ገላባት ሱዳን ናት፤ ከመተማ ዮሐንስ አንድ ትንሽ ወንዝ ነው የሚለያት። በገበያ ቀን ቅርጫት የያዘች ሴት ስትሻገር ዘበኛው ብዙ አይጨነቅም። ቅርጫቴን በራሴ፣ ቀፎዬን በትከሻዬ አድርጌ ተሻገርሁ። ሽማግሌው ኒም ዛፍ ሥር ጎማ ይለጥፋሉ። ከሩቅ አዩኝና ሥራቸውን ጥለው ተነሡ።

«ቢስሚላህ! ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ይህችን ከየት አመጣሻት?»

በአንዲት ጨርቅ ናፍጣ ነክረው ወለወሉት። ጥቀርሻው ሲለቅ ከሥሩ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ወጣ፤ በቀለሙ ላይ ደግሞ እንደ ጥበብ ጥለት የቀጠነች የወርቅ መስመር። እኔ ያን ሁሉ ቀን የተሸከምሁት ነገር እንዲህ ያጌጠ መሆኑን አላውቅም ነበር። ፊቱ ላይ የፋብሪካው ምልክት ተነቅሎ የሚስማሩ ቀዳዳና የምልክቱ ቅርጽ ብቻ ቀርቷል። እሳቸው ግን ቅርጹን በጣታቸው ዞሩና «እንግሊዝ» አሉ። «ሱዳን በእንግሊዝ እጅ ሳለች በባቡር ገዳሪፍ የገባ ነው። ያን ጊዜ ልጅ ነኝ፣ ከዓጀላ ሱቅ ተቀጥሬ ነበር።»

«ያ ሐጅ፣ አግዳሚውስ?»

የሲባጎ ጥቅል አወጡና ጥይት የበሳው ነው በተባለው ቀዳዳ አንድ በአንድ እየሰኩ ወደ ታች ወጠሩት። ሲጨርሱ በፓራፋንጎውና በጎማው ቦታ መሐል እንደ በገና አውታር የተሰደረ መረብ ሆነ። ከዚያ የነጠላዬን ጫፍ ያዙና መረቡ ላይ ጣሉት። ነጠላው ተንሸራቶ ወደቀ።

«አየሽ? ልብስ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ልብሱ የሚንዘረፈፈው ማነው?»

«ሴት» አልሁ።

«ሴትስ አግዳሚ ተሻግራ ለመቀመጥ ገበያ መሐል እግሯን ትሰቅላለች?»

ኒሙ ሥር ተቀምጬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። የሴት ብስክሌት ነው! ያ ሁሉ ወንድ ተሰብስቦ ጎዶሎ ያለው፣ ለእኛ ተብሎ የተሠራ ሙሉ ነገር ነው። ሽማግሌው ገዳሪፍ አንዲት ዳያ፣ አዋላጅ ማለት ነው፣ ነጭ ቶቧን እንደለበሰች በእንዲህ ያለ ዓጀላ ከሠፈር ሠፈር ስትበር ያዩ እንደነበር አወሩኝ። ምጥ የያዛት ሴት ዘመዶች በእግራቸው እየሮጡ ይከተሏታል አሉ።

«ዋጋውስ ያ ሐጅ?»

«ለወንድ ከሆነ ወላሂ አንድ ሻይ አያወጣም። ማን ይቀመጥበታል? ለምትነዳው ሴት ግን ከነጭነቱ አህያ ያወጣል። የእኔ ቢሆን ግመል እጠይቅበት ነበር።»

የእማማ ባል ግመሉን የት እንዳደረሰው ያን ጊዜ ጠረጠርሁ።

ነገር ግን ስመለስ ሳቄ መንገድ ላይ አለቀ። መተማ ውስጥ ብስክሌት የምትነዳ ሴት አላየሁም። ሰምቼም አላውቅ። ያችን ሴት ከየት አመጣለሁ? ነጋዴው ደግሞ እውነቱን ከነገርሁት አህያው ቀረ። እየፈራሁ ነው ከደጁ የደረስሁት፤ ሚስቱ በረንዳው ላይ ነች፣ እሱ ሚዛን ያጸዳል።

«አልተበየደም እኮ!» አለ ገና ሲያየኝ።

«አይበየድም። የሴት ነው።»

«ምኑ?»

«ብስክሌቱ። ሲሠራም አግዳሚ የለው፤ ሴት ቀሚሷን ሳትሰበስብ እንድትወጣበት ነው።» ያየሁትን ሁሉ፣ መረቡንም ዳያዋንም ነገርሁት።

ነጋዴው የሰማ ሰው አለ እንደሆን ግራና ቀኝ አየ። «እና ገበያተኛው ፊት የሴት ብስክሌት ላይ ልታወጭኝ ነበር?»

«ይኸው ነገርሁህ።»

«በይ አህያውን እርሽው።»

«ቆይ እስቲ» አለች ሚስቱ። ሰፌዷን አስቀምጣ ተነሣች። «አህያው የማን ነው?»

«የቤቱ ነዋ።»

«የቤቱ! አባቴ የሰጠኝን አህያ የቤቱ አደረግኸው? ባለፈውም ሳትጠይቀኝ ስትሰጠው ሰምቼ ዝም አልሁ።» ወደ ቀፎው መጣችና ያችን የወርቅ መስመር በጣቷ ተከተለቻት። «እታለም፣ የሴት መሆኑ እርግጥ ነው?»

«እርግጥ ነው።»

«አህያውን ፍችና ውሰጅ።»

«አንች ሴትዮ!» አለ ባሏ። «ጎማው የእኔ አይደለም እንዴ?»

«ጎማህ አልጋዬ ሥር ሲከርም ወገቤን እየወጋኝ ተኝቻለሁ። ኪራዩን ክፈልና አውጣው።»

«ሰውስ ምን ይላል?»

«ጀሪካን በጀርባዬ ስሸከም ሰው ምንም አላለ፤ ጎማ ሲሸከምልኝ ነው የሚናገረው?»

ወዲያው ነጋዴው ራሱ መሳቅ ጀመረ፤ ሚዛኑን ጥሎ አልጋ ሥር ገባና ጎማውን እየጎተተ ወጣ።

የገላባቱ ሽማግሌ ገጣጠሙላት። ሜዳው ላይ ስትለማመድ ግማሹ ከተማ ሊያይ ወጣ። ባሏ ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል።

«እንዳትለቀኝ!»

«ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ!» ይላታል፤ ከለቀቃት ቆይቶ ወገቡን ይዞ ቆሟል። ሴቶቹ እልል አልን። እኔም አንዴ ሞከርሁ፤ ስለዚያ ብዙ አላወራም፣ እሾሁን ሲነቅሉልኝ ዋሉ።

አጨዳው ሊጀመር ሲል ግራጫውን ጭኜ ከከተማ ወጣሁ። ጥቂት እንደሄድን ከኋላችን «ጥሩምባ! ጥሩምባ!» የሚል ጩኸት መጣ። ሚስቲቱ ናት፤ ደወል ስለሌላት በአፏ ነው የምትነፋው። ልትሰናበተኝ መጥታ ነበር፤ ማቆም ግን ገና አልተማረችም። አጠገባችን እንደ ንፋስ አለፈች፣ ሜዳው ላይ ዞረች፣ ተመልሳ ወደ ከተማ ከነፈች። አህያው የእመቤቱን ድምፅ አወቀ። ጆሮውን አቁሞ፣ ከነጨዌ ከነክብሪቴ ተከተላት።

እሷ ትስቃለች፣ አህያው ይጋልባል፣ እኔ እሮጣለሁ። ግቢያቸው ስደርስ ሚስቲቱ የሰሊጥ ጭድ ላይ ወድቃ ትንከተከታለች፤ አህያው ከድሮ ቦታው ቆሞ ያንኑ ጭድ ይበላል። ነጋዴው ከሱቁ ብቅ ብሎ «ምነው፣ መለስሽልን?» አለኝ።

በማግሥቱ እሷ ሳትነሣ በሌላው መንገድ ወጣን። ግራጫው መጀመሪያ አሥር ጊዜ ወደ ኋላ እየዞረ አስቸገረኝ፤ ፀሐይ ሲበረታ ተወው። ቀትር ላይ ከአንድ ሰሊጥ እርሻ ዳር ስንደርስ ገና ከደጋ የወረዱ አጫጆች ከሩቅ አይተውን «ክብሪት መጣ! ክብሪት መጣ!» ብለው ጮኹ። እኔ ገመዱን ሳልስብ፣ አህያው ራሱ ከመንገድ ወጥቶ ወደ እነሱ አዘገመ።