ከሲስተር የሺሐረግ ጋር ወደ ገላባት የተሻገርንበት ቀን

ሲስተር የሺሐረግ ማረፋቸውን የነገረችኝ ለብዙ ዓመት አብራቸው የሠራች አዋላጅ ናት። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ስልኬ ደጋግሞ ሲጠራ ወጥቼ አነሳሁት። «ብርቄ፣ ሲስተር አለፉ» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ልቅሶዋን ብቻ ነው። ኩላሊታቸው መታመሙን፣ ለሕክምና ጎንደር መመላለሳቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሆኖም መተማ ላይ ሰው ሲታመም የሚጠሩት እርሳቸው ስለነበሩ፣ እርሳቸው ራሳቸው ሊሞቱ ይችላሉ ብሎ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ይህን የምጽፈው በመተማ ዮሐንስ፣ በሽንፋ፣ በገለጉና በየእርሻው ካምፕ ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። ብዙዎቻችሁ በእጃቸው ወልዳችኋል፤ ከወባ ተነስታችኋል። ቁጣቸውንም ቀምሳችኋል፤ ክትባት ያሳለፈች እናት ፊታቸውን እንዴት እንደምትፈራው አውቃለሁ። እኔ የማወራው ግን ጥቂት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነው። በሕይወት ሳሉ «አታውሪው፤ የዚያችን ልጅ ስም ሰው ይቀባበለዋል» ስለሚሉኝ ዝም ብዬ ኖሬአለሁ። ያቺ ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ስሟን እስካልጠራሁ ድረስ እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

ሲስተርን መጀመሪያ ያየኋቸው በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን፣ እኔ አስተምርበት ወደነበረው ሽንፋ ለክትባት መጥተው ነው። ከጎጃም ለአጨዳ የመጣ አንድ ወጣት በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ መንገድ ዳር ተኝቷል። ሲስተር የአንድ ባለሀብት ፒካፕ አስቁመው «ይህን ልጅ ከፊት ያስቀምጡልኝ» አሉ።

«ከፊት እንግዳ አለኝ፤ ከኋላ ጆንያው ላይ ይውጣ» አለ ሰውየው።

«በዚህ ትኩሳት ከኋላ ከወጣ መንገድ ላይ ይወድቅብናል። ጤነኛው ከኋላ ይውጣ።»

«ሲስተር፣ መኪናው የማን መሰለዎት?»

«የእርስዎ ነው። ልጁም የታመመው የእርስዎን ሰሊጥ ሲያጭድ ነው።»

ባለሀብቱ ፊቱ ቀላ። እንግዳው ራሱ ወርዶ ጆንያው ላይ ወጣ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ እኔ ወደ መተማ ዮሐንስ ተዛውሬ ከደሴ ጋር ተጫጨን። ደሴ የትራክተር መካኒክ ነው። አሁን የምናገረው ነገር ለአንዳንዳችሁ ትንሽ ይመስላችሁ ይሆናል፤ ለእኔ ግን ትንሽ አልነበረም። ስስቅ የአፍንጫዬ ጫፍ ወደ ታች ይሳባል፤ ቀዳዳዎቹ ይለጠጣሉ፤ የላይኛው ከንፈሬም ይሰበሰባል። ዝም ስል ምንም የለብኝም። ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ የምስቀው አፌን በእጄ ሸፍኜ ነበር። ቀለበት ባሰርን ቀን ፎቶ አንሺው «እጅሽን አውርጂ» አለኝ። አወረድኩ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ የደሴ እኅት ለእንግዶች እያሳየች «ሙሽራችን ስትስቅ አፍንጫዋ አፏን ይከድነዋል» አለች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ደሴም ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ተማሪዎቼ ሲያስቁኝ ወደ ሰሌዳው እዞር ነበር። የሱዳን ቅባትና ሽቶ የምትሸጥ ሴት ጭንቀቴን አውቃ «ድንበሩ ማዶ ገላባት ውስጥ ከካርቱም እየመጣ አፍንጫ የሚያስተካክል ሐኪም አለ፤ ጠዋት ገብተሽ ማታ ቤትሽ ነሽ» አለችኝ። እናቴ ስትሰማ አለቀሰች። የንስሐ አባቴ «የፈጣሪን ሥራ ልታርሚ ነው?» አሉኝ። ለደሴ ጭራሽ አልነገርኩትም።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት የሕመም ማስታገሻ ለመጠየቅ ብቻ ነበር። ሲስተር ግን «ለምንሽ ነው?» ብለው ዓይኔን ሲያዩኝ ሁሉንም አወጣሁት። ስድብ ጠበቅሁ። እርሳቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰዱኝና «እስቲ ሳቂ» አሉኝ።

«አልችልም።»

«ሽንፋ ላይ ያየሽውን የባለሀብቱን እንግዳ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አስቢው።»

ሳላስበው ሳቅሁ። ቁስል እንደሚያዩ ቀረብ ብለው አዩኝ። «አዎ፣ ይወርዳል። ውሸት አልነግርሽም። አስቀያሚ ግን አይደለም።» ከዚያ ተቀመጡ። «ሰው ጥርሱን ሲያስተካክል ማንም ነውር ነው አይልም። አፍንጫውም ያንቺ ነው። እኔን የጨነቀኝ የሚቆርጠው ሰው ነው። መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ቅዳሜ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ አብረን እንሻገራለን።»

የድንበሩን ድልድይ የተሻገርነው ፀሐዩ ገና በማለዳው ሲያቃጥል ነው። ሲስተር የሥራ ልብሳቸውን አልለበሱም፤ ትልቅ ቦርሳ አንግተዋል። ቤቱ ከገበያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥር የተከበበ ነው። ዘበኛው አስገብቶን በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። ሐኪም የተባለው ሰው አማርኛ ይችላል። ነጭ ጋዋን ለብሷል፤ ጋዋኑ እጅጌው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረበት።

«ታላቅ እኅቷ ነኝ» አሉት ሲስተር። «ደም ቢበዛባት ምን ታደርጋለህ?»

«አይበዛም።»

«ቢበዛስ?»

«ኢንሻአላህ አይበዛም አልኩሽ።»

«ኦክስጅንህ የት ነው ያለው?»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። «ልትሠሪ ነው የመጣሽው ወይስ ልታስመረምሪኝ?»

በዚህ መሀል ከውስጠኛው ክፍል ሳል ተሰማ። ውኃ ትን ያለው ሰው የሚስለው ዓይነት ነው። ሲስተር ንግግራቸውን አቋረጡ። ሳሉ ተደገመ።

«ውስጥ ማን አለ?»

«ትናንት የተሠራች ናት። ተኝታለች።»

«የተኛ ሰው እንዲህ አይስልም» ብለው ተነሱ። ሰውየው በሩ ላይ ቆመ። «ሴትዮ፣ ይህ ሱዳን ነው። እዚያ ምንም ብትሆኚ እዚህ ምንም አይደለሽም።» ሲስተር አጭር ሴት ናቸው፤ ደረቱ ድረስ እንኳ አይደርሱም። በክንዱ ሥር ጎንበስ ብለው አለፉት። እኔም ተከተልኳቸው።

አንዲት ልጅ በጀርባዋ ተንጋላለች። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ፊቷ ላይ የታሰረው ፋሻ ርሷል፤ ከአልጋው ሥር ያለው ሳፋ ደም አለበት። ደሙ ወደ ጉሮሮዋ እየወረደ እየዋጠችው ነበር። ሲስተር ቀና አድርገው አስቀመጧት፤ አንገቷን ወደ ፊት ደፉት። «አትዋጪው የኔ ልጅ፤ ትፊው።» ከቦርሳቸው ጎዝ የሚባለውን የቁስል ጨርቅ አውጥተው አፍንጫዋን ጠቀጠቁት። እኔን «ጭንቅላቷን ያዢ፤ እኔን እንጂ ደሙን አትዪ» አሉኝ። ለእኔ የተዘጋጀው አልጋ ከጎኗ ነበር፤ አንሶላው ተነጥፏል።

«አሁን ይዤያት እሄዳለሁ» አሉ ሲስተር።

«በዚህ ሁኔታ ከዚህ አትወጣም» አለ ሰውየው። ወደ ውጭ ጮኾ በዓረብኛ አንድ ነገር ሲናገር የዘበኛው እግር ወደ በሩ ሲሮጥ ሰማሁ። «ፖሊስ ያያታል። ሲጨልም ትወጣለች።»

«እስኪጨልም አትቆይም።»

«ትቆያለች!»

ሲስተር የልጅቷን የእጅ ትርታ እንደያዙ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩት። «ስማኝ። እዚህ ከሞተች ሬሳ ይኖርሃል። እኔ ከወሰድኳት ግን ምንም የለህም። በሩን ካልከፈትክ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ እጮኻለሁ። እኔ የምፈልገው እርሷን ብቻ ነው።»

ሰውየው ልጅቷን አየ። ሲስተርን አየ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ወደ ውጭ አንድ ቃል ተጣራ፤ የበሩ መቀርቀሪያ ተንኳኳ።

ባጃጅ ውስጥ አስገባናት። ድልድዩ አጠገብ የሱዳን ወታደር አስቆመን። እኔና ሲስተር የቀን ማለፊያ ወረቀት ነበረን፤ ልጅቷ ግን ሽቶ ሻጯ በስውር መንገድ ያሻገረቻት ስለነበረች ወረቀት የላትም። ወታደሩ ራሱን ነቀነቀ። ሲስተር የሸፈንናትን ነጠላ ከፊቷ ላይ ገለጡለት። «ወረቀቱን ስትድን ጠይቃት፤ አሁን ለመልስ የሚሆን አፍ የላትም» አሉት። አማርኛው ይግባው አይግባው አላውቅም። ፊቷን አየና ገመዱን ዝቅ አደረገው።

ጤና ጣቢያው ግሉኮስ ሰክቶ በአምቡላንስ ወደ ጎንደር ላካት። ሲስተር ግሉኮሱን፣ እኔ እጇን ይዘን ሄድን። መንገዱ ሁሉ «ስሚኝ፣ አትተኚ» ይሏት ነበር። ሆስፒታል ስንደርስ ደም ያስፈልጋል ተባለ፤ የእኔ ተስማማላት። በማግሥቱ ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች። ሲስተር ኮሪደር ላይ ወጥተው ግድግዳው ላይ ተደግፈው አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ «አላልኩሽም?» የሚሉኝ መስሎኝ ተጨንቄ ነበር። እርሳቸው ግን «አሁንስ ትፈልጊዋለሽ?» አሉኝ።

«አዎ ብል ምን ይሉኛል?»

«አዎ ካልሽ አዎ ነው። መጥፎ ሐኪም አየን እንጂ የተመኘሽው ነገር ኃጢአት ሆኖ አልተገኘም። መጀመሪያ ግን ለደሴ ንገሪው። እንዲህ ያለ ነገር ተደብቀሽ አትሠሪውም።»

ነገርኩት። ደሴ የሚሠራበትን የብሎን መፍቻ አስቀምጦ «በዚያ ፎቶ ምክንያት?» አለ። «እኔም ስቄ ነበር» አለና አዲስ አበባ አብሮኝ ሄደ። ሲስተር በሚያውቁት ሐኪም በኩል ያገኙልኝ ስፔሻሊስት ደሜን መርምሮ፣ የአፍንጫዬን ጫፍ የሚስበው ትንሽ ጡንቻ መሆኑን አስረዳኝ፤ ያንኑ ብቻ ቆርጦ ሠራኝ፤ አጥንት አልነካም። ልዩነቱ ጥቂት ነው። የደሴ እኅት እስከ ዛሬ ልብ አላለችውም። ሲስተር ግን በሠርጌ ቀን ከሩቅ አይተውኝ መጡና ጆሮዬ ላይ «አፍንጫሽን አላየሁትም፤ እጅሽ መውረዱን ግን አየሁ» አሉኝ።

ያቺ ልጅ ድና፣ ሲስተር ለአንድ መድኃኒት ቤት ነግረውላት ሥራ ያዘች። አፍንጫዋ በትንሹ ጎብጦ ቀርቷል። ሲስተርን «እማ» ትላቸው ነበር።

ሲስተር የሺሐረግ፣ በቀብርዎ ዕለት ከየካምፑ ሠራተኞች በትራክተር ተጭነው መጥተው ነበር፤ ግማሾቹ ስምዎን እንኳ አያውቁም፤ «ያቺ ቁጡዋ» ነበር የሚሉዎት። ቢሰሙ ይስቁ ነበር። ነገም ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ እናቶች ይሰለፋሉ፤ ከእርሻው ትኩሳት የያዘው ሰው ይመጣል፤ ሌላ ነርስም ትቀበላቸዋለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሯት። እኛ ግን እርስዎን ማጣት እንለምደዋለን አልልዎትም። አንለምደውም። ደክመዋል፤ አሁን ማንም አይጠራዎትም፤ ይረፉ።