የተለመደው ሕክምና

ሮቤ ላይ ጨርቅ የምሸጥ ሴት ነኝ። ይህ ነገር የደረሰብኝ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጎባ ላይ ነው። እውነቱን በመናገሬ ሰው ሲጎዳ ያየሁት ያን ጊዜ ስለሆነ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ልጄ ዘይነባ ያኔ ገና ትንሽ ነበረች። ጉንጯ ላይ ቁንጭር የሚባለው ቁስል ወጣባትና እያደር ሰፋ። ብዙም አያማትም፤ ግን ሥጋዋን ይበላል። ጎባ ሕክምና ቤት ስወስዳት ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ሐኪም አዲስ መድኃኒት እየሞከሩ ነበር። ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ለጥናቱ ከሚገቡት ልጆች ከፊሎቹ አዲሱን፣ ከፊሎቹ የቆየውን መርፌ ይወስዳሉ፤ ለማን የትኛው እንደሚደርስ የሚለየው በዕጣ ነው፤ አዲሱ ያድን አያድን ገና አልታወቀም። አስቤበት እሺ አልኩ።

ኮሪደር ላይ ተራ ስጠብቅ ከእኔ በፊት ሸምሲያ የምትባል ሴት ገባች። ከሃረና ነው የመጣችው። የልጇ ቁስል አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ነው። ሸምሲያ አማርኛ ስለማትሰማ አንድ የሕክምና ቤቱ ሠራተኛ ያስተረጉምላት ነበር። በሩ ክፍት ስለነበር፣ እኔም ሁለቱንም ቋንቋ ስለማውቅ፣ ሁሉም ይሰማኛል።

ሐኪሙ ረጋ ብለው፣ "ካልፈለጉ ይቅር። የተለመደውን ሕክምና ማንም አይከለክልዎትም" አሏት።

አስተርጓሚው ይህን በኦሮምኛ ሲያደርስላት፣ "እሺ ካላልሽ ልጅሽ አትታከምም" አላት።

ደሜ ፈላ። ሳልጠራ ገብቼ ያላትን ለሐኪሙ ነገርኳቸው። በጣም ተቆጡ። ሰውየውን አስወጡትና እኔ እንዳስተረጉም ለመኑኝ። ያሉትን አንድም ሳላስቀር አደረስኩላት።

ሸምሲያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። አዲሱ መድኃኒት ልጇን ምን እንደሚያደርጋት ሐኪሙም አያውቁም ወይ አለች። ገና አናውቅም አሉ።

"እንግዲያው የታወቀውን ስጡኝ" አለች።

ሐኪሙ ምርጫዋ ነው ብለው ወደ መድኃኒት ቤቱ ላኳት። መርቃኝ ወጣች። እኔም ኮራሁ።

የእኔ ተራ አልቆ ስወጣ አስተርጓሚው ደጅ ቆሞ ጠበቀኝ። አልጮኸብኝም።

"መርፌው ከመድኃኒት ቤቱ ካለቀ ቆየ" አለኝ። "ያለው ለጥናቱ የመጣው ብቻ ነው። ሐኪሙ እንግዳ ናቸው፣ አያውቁም። እኔ ግን በየቀኑ ሰው እየመለስኩ ነው። ያቺ ሴት ከሃረና ድረስ መጥታ ባዶ እጇን ሄደች። ደስ ይበልሽ።"

ልጄን አዝዬ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሮጥኩ። እውነቱን ነው። የለም፣ ሌላ ጊዜ ተመለሺ ብለው ሸኝተዋታል። መናኸሪያ ስደርስ በሃረና የሚያልፈው የዶሎ መና መኪና ወጥቷል። ተመልሼ ለሐኪሙ ነገርኳቸው። ከመጣች ለጥናቱ እንደሚቀበሏት ቃል ገቡልኝ። አልመጣችም።

ለዘይነባ በዕጣ የደረሳት የቆየው መርፌ ነበር። ዳነች።

ከዓመታት በኋላ ጎባ ገበያ ከዘይነባ ጋር ስሄድ ሸምሲያን አገኘኋት። እሷ ናት ቀድማ ያወቀችኝ። ልጇ ከዓይኗ በታች በሻሽ ተሸፍናለች። ነፋስ ሻሹን ሲገልበው አየሁ፤ አፍንጫዋ ተበልቶ አልቋል። ወላሂ መድኃኒቱ ማለቁን አላወቅኩም ነበር አልኳት። የዘይነባን አገጭ ይዛ ጉንጯን ወደ ፀሐይ አዙራ አየችው።

"ለዚህች ምን ሰጧት?" አለችኝ።

"የቆየውን መርፌ።"

"እኔ የጠየቅኩትን" አለችና የልጇን እጅ ይዛ ሄደች።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም የሚሉኝ አሉ። እኔም አውቃለሁ። ያ ሰውዬ ዋሽቷል፤ ዛሬም ዋሽቷል ነው የምለው። ግን ውሸቱን ባላጋልጥበት ኖሮ ምናልባት ያቺ ልጅ ፊቷን ሳትሸፍን ትሄድ ነበር። አሁን ልጁን ለጥናት የተጠየቀ ዘመድ ሲያማክረኝ፣ እምቢ ብል ለልጄ የሚሰጠው መድኃኒት ዛሬ እዚህ መኖሩን አሳዩኝ በላቸው እለዋለሁ። ስለ ምክሬ ያመሰግኑኛል። እኔ ግን ምስጋናው ደስ ብሎኝ አያውቅም። የዚያችን ልጅ ስም እንኳ ሳልጠይቅ ነው የቀረሁት።